ዜግነት ርስት ነው ወይስ ጉልት?

ሰላም ወገኖች፣

ሰሞኑን ለቅሶ ቤትም ማኅበር ላይም የሚነሳው አንድ ነገር ነው። «ወንጀል የሠራ ስደተኛ ዜግነቱ ይነጠቅ፣ ወደመጣበት ይመለስ» ይባላል። ከእኛው ሰዎችም የሚደግፉት አሉ። እኔ አልደግፍም። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

እኛ የጎጃም ልጆች ይህን ጉዳይ ከሩቅ አናውቀውም። እሸቱ አለሙ በደርግ ጊዜ የጎጃም ተጠሪ ነበር። ነሐሴ 1970 ዓ.ም. በእሱ ትእዛዝ ደብረ ማርቆስ ላይ 75 እስረኞች ተገድለዋል፤ አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ነበሩ። ሰውየው በኋላ ሆላንድ ገባና እ.ኤ.አ. በ1998 ዜጋ ሆነ። ኢትዮጵያ ውስጥ በሌለበት ሞት ተፈርዶበት ነበር። ሆላንድ ግን እዚያው ከሰሰችው። በ2017 የሄግ ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ ፈረደበት፣ በ2022 ይግባኝ ሰሚው አጸናው። ከሞት የተረፉ ሰዎች ችሎት ቆመው የደረሰባቸውን ፊት ለፊቱ ተናገሩ። ፓስፖርቱን ቀምተው አውሮፕላን ላይ ቢጭኑት ኖሮ ይህ ሁሉ አይሰማም ነበር። የደብረ ማርቆስ እናቶች ልጆቻቸው እንዴት እንደሞቱ በፍርድ ቤት መዝገብ ሰፍሮላቸዋል። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ከፍተኛ 9 የሚባለው የቀበሌዎች አስተዳደር ሊቀመንበር የነበረው የቀልቤሳ ነገዎ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። አትላንታ ሆቴል ሲሠራ፣ በእሱ ዘመን የተገረፈች፣ እዚያው ሆቴል የምትሠራ እህታችን አየችው። የአሜሪካ ዜግነቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ተነሳ፣ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። ይህን እቀበላለሁ። የሠራውን ደብቆ ነው ዜጋ የሆነው። ደም ተደብቆ የተገኘ ዜግነት በፍርድ ቤት ሊሰረዝ ይገባል። ከዚህ ውጭ ያለው ወንጀለኛ ዜጋ ግን እንደ ዜጋ ይቀጣ፣ እንደ ዜጋ ይታሰር።

አባቶቻችን ጉልትና ርስትን አይቀላቅሉም ነበር። ጉልት ንጉሥ ይሰጣል፣ ንጉሥ ይነሳል። ርስት ግን አይነካም። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ላይ የተነሳው ርስቴን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ጭምር ነው። አሁን የእንግሊዝን ሕግ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ የአገሪቱን ጥቅም ክፉኛ ጎድቷል፣ ሌላ አገርም ዜግነት ሊሰጠው ይችላል ብሎ ካመነ፣ በማመልከቻ ዜጋ የሆነን ሰው አገር አልባ ሊያደርገው ይችላል። እዚያው ተወልዶ ዜጋ የሆነውን አገር አልባ ማድረግ ግን አይችልም። የእሱ ርስት፣ የእኛ ጉልት ሆነ ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ደግሞ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በአዋጅ 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጠራል። ለማስመለስ አገር ገብቶ መኖርና ማመልከት አለበት። እዚህ ከተነጠቀ እስከዚያ ድረስ የማን ነው?

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ግሪን ካርድ የመኖሪያ ፈቃድ እንጂ ዜግነት አይደለም። በትዳር ጓደኛ ላይ የተፈጸመ ጥቃትና ብዙ የአደንዛዥ ዕፅ ወንጀሎች ያስባርራሉ። ጠበቃ «አምነህ ጨርሰው፣ ቀላል ነው» ቢላችሁ፣ ካርዴን ያሳጣኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁት። እ.ኤ.አ. ከ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ይህን የመንገር ግዴታ አለበት።

ገጠር ተወልደን ልደታችን በግምት የተጻፈልን ብዙ ነን። ይህ ዜግነቴን ያስነሳብኛል ብለው እንቅልፍ ያጡ ሰዎች አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ያው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዜግነት የሚያስነሳው ዜግነቱን ለማግኘት ሚና የነበረው ሕገ ወጥ ድርጊት ነው ብሎ ወስኗል። ተራ የቀን ስህተት እዚያ አይደርስም። ስምና ቀን የማይገጥም ወረቀት ያላችሁ ግን ለዜግነት ከማመልከታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አሳዩት፤ ማስተካከል የሚቻለው ያኔ ነው።