ክርክር፦ ገንዘቡን ዝም ብሎ መስጠት እያለ 42 ኪሎ ሜትር መሮጥ ለምን?

ጠያቂው፦
ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ሊንክ ላከልኝ። ማራቶን ሊሮጥ ነው፤ ለካንሰር ሕሙማን ገንዘብ ይሰበስባል። ደስ አለኝ፣ ልሰጥም ተዘጋጀሁ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኩት። «የምዝገባውን የከፈልከው አንተ ነህ ወይስ የምትሰበስብለት በጎ አድራጎት ድርጅት?» ትንሽ ቆየና «ድርጅቱ ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሮጠው» አለኝ። ተቀይሞኛል መሰለኝ፣ እስካሁን አልጻፈልኝም።

ሩጫ አልጠላም። ግን የታመመ ሰው መርዳት ከፈለግን ገንዘቡን ለምን ዝም ብለን አንሰጥም? መሃል ላይ ቲሸርቱ፣ ሜዳሊያው፣ ፎቶው ምን ይሠራል? አቋሜ ይሄ ነው፣ ተከራከሩኝ።

ዘገምተኛው፦
እውነቱን ንገረን። ሊንኩ ባይመጣልህ ያን ሳምንት ለካንሰር ሕሙማን አምስት ሳንቲም ታወጣ ነበር?

ጠያቂው፦
አላወጣም ነበር። ይሄ ግን የእኔን ስንፍና ነው የሚያሳየው፣ የሩጫውን ጥቅም አይደለም።

መጽሐፍ ወዳዷ፦
ስንፍና ብቻ አይደለም ወንድሜ። እ.ኤ.አ. በ2013 ክሪስቶፈር ኦሊቮላ እና ኤልዳር ሻፊር የሚባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎች ለበጎ አድራጎት ድግስ ላይ ከመገኘት ይልቅ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል መሮጥ ሲጠበቅባቸው የበለጠ ለመስጠት ፈቃደኛ ሆነው ተገኙ። «የሰማዕትነት ውጤት» ብለውታል። ዓላማው የሰው ስቃይን የሚመለከት ሲሆን ደግሞ ውጤቱ ይጠነክራል። ለደከምንበት ነገር ትርጉም እንሰጣለን፤ ሰው ስንባል እንዲህ ነን።

ጠያቂው፦
ታዲያ ጥናቱ እኮ እኔን ነው የሚደግፈው! በሽተኛው አልተቀየረም፣ ችግሩም ያው ነው። የተጨመረው የእኛ ላብ ብቻ ነው።

ዘገምተኛው፦
ላቡ ገንዘብ ካመጣ በሽተኛው ምን ቸገረው?

ባለ ታሪኩ፦
ቴሪ ፎክስን ሳትጠሩ ይሄን ክርክር መጀመራችሁ ገርሞኛል። ካናዳዊ ነው። በ18 ዓመቱ በአጥንት ካንሰር ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ1980 በሰው ሠራሽ እግር አገሩን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሊሮጥ ተነሳ። በየቀኑ ማራቶን የሚያህል ርቀት! የሩጫውን ፊልም ፈልጋችሁ እዩት። በጤነኛው እግር ሁለት ጊዜ ይረግጣል፣ በሰው ሠራሹ አንድ ጊዜ፤ ግማሹ ሩጫ ግማሹ እንጣጥ ነው። ካንሰሩ ሳንባው ውስጥ ገብቶ እስኪያቆመው ድረስ በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ሄደ። ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ነበር የጠየቀው። ያኔ ሕዝቡ 24 ሚሊዮን ገደማ ነው። በ1981 የካቲት ላይ መዋጮው 24 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በ22 ዓመቱ አረፈ።

ዝም ብሎ ሳጥን ይዞ ቢዞር ይሄ ይሆን ነበር? አቦ፣ እንተማመን።

ጠያቂው፦
ለቴሪ ፎክስ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን እሱ የንግድ ድርጅቶች በስሙ እንዲያስተዋውቁ አልፈቀደም፣ ሜዳሊያም የሚያንጠለጥልለት አልነበረም። የክፍል ጓደኛዬ እና ቴሪ ፎክስ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አይገቡም።

ባለ ከዘራው፦
ያለ አዘጋጅ የተሠራ ከፈለግክ እንግሊዛዊው ጡረተኛ ወታደር ሻምበል ቶም ሙር አለልህ። በ2020፣ በ99 ዓመቱ፣ መደገፊያውን እየገፋ የጓሮውን 25 ሜትር 100 ጊዜ ተመላለሰ። ለአገሩ ሆስፒታሎች ሊሰበስብ ያሰበው አንድ ሺህ ፓውንድ ነበር፤ 100 ዓመት ሲሞላው ከ30 ሚሊዮን በላይ ገብቷል። ምዝገባ የለ፣ ቲሸርት የለ።

ዘገምተኛው፦
በኋላ በስሙ የተቋቋመው ድርጅት ግን የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ተቆጣጣሪ በ2024 ቤተሰቡን የወቀሰበት ሪፖርት ወጥቶበታል። አዘጋጅ ስለሌለ ብቻ ንጹሕ ነው አይባልም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ይሄን ለዩልን። የእግር ጉዞው ገንዘብ ለሆስፒታሎቹ በጎ አድራጎት ነው የገባው፣ ሪፖርቱ ስለሌላው ድርጅት ነው።

አሁን ወደ ምዝገባው ልምጣ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሒሳብ ሥራዬ ስለሆነ። ትልልቅ ማራቶኖች ላይ ቦታ ወርቅ ነው። ቦስተን ላይ የማለፊያ ሰዓቱን ካላሟላህ የሚቀርህ መንገድ በአብዛኛው በጎ አድራጎት ነው፣ ለዚያም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር መሰብሰብ አለብህ። ለንደን ላይ ድርጅቶች ቦታ ገዝተው ለሯጭ ይሰጣሉ፣ ሯጩ ደግሞ ይህን ያህል አመጣለሁ ብሎ ይፈርማል። በ2024 ከዚያች አንዲት ቀን ከ70 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰብስቧል። ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ጣጣውም አለው። ቦታው ተገዝቶ ሯጩ ጉልበቱን ሲያመው፣ ወይ ግማሹን ብቻ ሲሰበስብ፣ ኪሳራው የድርጅቱ ነው። ስለዚህ ጠያቂው «ማን ከፈለ?» ማለቱ ነውር የለበትም። ጓደኛህ መቀየም አልነበረበትም። ግን የሚጠየቀው ከወጪ በኋላ ስንት ቀረ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ፦ ትልቅ ለጋሽ ብዙ ጊዜ ለፕሮጀክት እንጂ ለቢሮ ኪራይና ለደመወዝ አይሰጥም። የሯጮች ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ቅድመ ሁኔታ የለውም። እኛ መብራት የምንከፍለው በእሱ ነው።

ነርሷ፦
ሁላችሁም ስለ ገንዘብ ታወራላችሁ፣ እኔ መጨረሻው መስመር ጋ ድንኳን ውስጥ ነው የምቆመው። ፈጣኖቹ አያስቸግሩኝም። የሚያስፈሩኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሮጡት ናቸው፣ ምክንያቱም አያቆሙም። አንዲት ሴት የእናቷን ፎቶ ደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዛ መጣች። ካልሲዋ በደም ከእግሯ ተጣብቋል። ስሟን ስጠይቃት የእናቷን ስም ነገረችኝ። በየጣቢያው ውሃ ስትጠጣ ነበር የመጣችው፣ ሳይጠማትም።

እ.ኤ.አ. የ2002ቱ የቦስተን ማራቶን ላይ 488 ሯጮች ደም ሰጥተው ነበር። 13 በመቶው በደማቸው ያለው ጨው፣ ሶዲየም የሚባለው፣ ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኘ። አደጋው የሚብሰው ከአራት ሰዓት በላይ በሮጡት እና እየሮጡ ክብደት በጨመሩት ላይ ነው፤ ማለትም ብዙ በጠጡት። «ቃል ገብቻለሁ» የሚል ሰው ደግሞ ሰውነቱን አይሰማም። ቃል የሚያስገቡ ድርጅቶች ማቋረጥ እንደሚቻልም በግልጽ ይንገሩ።

ጋሼ፦
እኔ 61 ዓመቴ ነው፣ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በየዓመቱ እሮጣለሁ። ምዝገባውን ከኪሴ ነው የምከፍለው። የሰጡኝን ሰዎች ስም ወረቀት ላይ እጽፍና ለአንድ ኪሎ ሜትር አንድ ስም እመድባለሁ። 34ኛው ላይ ሁልጊዜ ትንሹን የሰጠውን አደርጋለሁ። እዚያ ጋ ነው የሚከብደኝ።

ጠያቂው፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄም ስለ እርስዎ ነው እንጂ ስለ ሕሙማኑ አይደለም።

ጋሼ፦
ልክ ነህ ልጄ፣ ስለ እኔ ነው። ቤት ቁጭ ብዬ ስለ እሷ ማሰብ አልቻልኩም፣ እየሮጥኩ ግን እችላለሁ። ገንዘቡ ለእነሱ ይገባል፣ ሩጫው ለእኔ። ምን አጣላን?

ጠያቂው፦
እሺ ጋሼ፣ እዚህ ላይ መልስ የለኝም።

ሌላው ላይ አቋሜን አልቀየርኩም። ግን አሁን ለጓደኛዬ ጽፌለታለሁ። የቦታው ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠይቆ እንዲነግረኝ፣ እሱን እኔ ልሸፍን፣ የሌላው ሰው መዋጮ ሳይነካ ይድረስ ብዬ። አይቶታል፣ ገና አልመለሰም።

ነርሷ፦
ሲመልስልህ ውሃ እንዳያበዛ ንገረው።