ሕፃን ሲወለድ የቆዳው ጂን ይነበብ ወይስ ይቅር?

አወያይ፦
እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ጥያቄ ይኸው፦ ሕፃን እንደተወለደ ለቆዳ በሽታ የሚያጋልጡ ጂኖቹ ይመርመሩ ወይስ ይቅር? ነገሩን ያስነሣው እንግሊዝ በ2025 ያሳወቀችው ዕቅድ ነው፤ በአሥር ዓመት ውስጥ የሚወለድ ሕፃን ሁሉ ሙሉ ዲኤንኤው እንዲነበብ ታስባለች። እኛ የምንከራከረው ስለ ቆዳ ብቻ ነው። ዓመት ስትጠቅሱ ሁላችሁም በአውሮፓ አቆጣጠር ተጠቀሙ። ባለፈው ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ጥናት ግማሽ ሌሊት ሲጨቃጨቁ ቆይተው ልዩነታቸው የዘመን አቆጣጠር ብቻ ሆኖ ተገኝቷል።

የሕፃናት ነርስ፦
እኔ ይመርመር ባይ ነኝ። በቆዳችን የላይኛው ንጣፍ ውስጥ ፊላግሪን የሚባል ፕሮቲን አለ። እንደ ግድግዳ ምርጊት ቁጠሩት፤ ንጣፉን አጥብቆ ይይዛል፣ ሲፈራርስም ቆዳን የሚያረጥብ ንጥረ ነገር ይወጣዋል። በ2006 ከስኮትላንዱ ዳንዲ ዩኒቨርሲቲ የተነሣ ቡድን የዚህ ፕሮቲን ጂን የተበላሸባቸው ሰዎች ኤክዜማ ለሚባለው የሚያሳክክ የቆዳ በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳየ። ከሰሜን አውሮፓ ሰዎች ከአሥሩ አንዱ ገደማ የተበላሸ ቅጂ ይዞ ይዞራል። ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን የወረሰ ደግሞ ቆዳው ደርቆ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይሆናል። ይህን ከተረከዝ በምትወሰድ የደም ጠብታ ማወቅ እየተቻለ፣ ልጁ አክኮ አክኮ እስኪደማ ለምን እንጠብቃለን?

ጠርጣራው፦
እህቴ፣ ግማሹን ነው የነገርሽን። የተበላሸውን ቅጂ ከያዙት ብዙዎቹን ዕድሜ ልካቸውን ኤክዜማ አይነካቸውም። ኤክዜማ ከያዛቸው ልጆች መካከል ደግሞ የብዙዎቹ ጂን ደህና ነው። ታዲያ እናቲቱን ምን ልትያት ነው? «ልጅሽ ሊታመም ይችላል፣ ላይታመምም ይችላል»? ይህንንማ ሳንመረምርም እናውቀዋለን።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ ኖሬበታለሁ። የመጀመሪያው ልጄ ገና በሦስት ወሩ ጉንጩ ቀላ፣ ቀጥሎ የክርኑና የጉልበቱ እጥፋት ቆሰለ። ሌሊት እንዳያክክ እጁን በካልሲ እሸፍን ነበር። ሁለተኛዋን አንድም ቀን አልነካትም። አንድ ቤት፣ አንድ ሳሙና፣ አንድ አባት። ለሁለተኛዋ «ጂኑ አለባት» ብለውኝ ቢሆን ያንን ዓመት እንቅልፍ ባይኔ አይዞርም ነበር፣ ያውም በከንቱ። ለመጀመሪያው ቢነግሩኝ ግን «ምን አጠፋሁ» እያልኩ ራሴን አልበላም ነበር። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ነኝ፤ አትሳቁብኝ።

የላብራቶሪ ሰው፦
ክርክሩ ጂን በጂን ሆነ። ቆዳው ላይ የሰፈሩትን ረሳችኋቸው እኮ! ኤክዜማ ካለባቸው ሰዎች፣ ከቆሰለው ቦታ ናሙና ሲወሰድ፣ 70 በመቶ በሚሆኑት ላይ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ይገኛል። ቁጥሩ በ2016 ብዙ ጥናቶች ተደምረው የወጣ ነው።

አሠራሩን ተመልከቱ። ጤነኛ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ለዚያ አስተዋጽኦ ከሚያደርጉት አንዱ የፊላግሪን ፍርስራሽ ነው። ይህ ባክቴሪያ ደግሞ አሲድ አይመቸውም። ፊላግሪን ሲጎድል አሲድነቱ ይቀንሳል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ባክቴሪያው ይደላደላል። ከዚያ የሚረጨው መርዝና ፕሮቲን የሚቆራርጠው ኢንዛይሙ ያንኑ የሳሳ ግድግዳ ይበሳዋል። ጂኑ በሩን ገርበብ አደረገ፣ ባክቴሪያው ገነጠለው። በ2012 የታተመ ጥናት ልጆችን ተከታትሎ ኤክዜማው ሲያገረሽ ቆዳቸው ላይ ያለው የባክቴሪያ ዓይነት ተመናምኖ ስታፊሎኮከስ እንደሚነግሥ፣ ሲታከሙ ደግሞ ስብጥሩ እንደሚመለስ አይቷል። የተረከዝ ደም ይህን ሁሉ አያሳይም።

ብጉራሙ፦
ኤክዜማ ኤክዜማ ስትሉ የእኔ ብጉር ቀረ። በ2002 በእንግሊዝ መንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት፣ በብጉር ረገድ ሰው ከሰው የሚለይበት ነገር 81 በመቶው ከዘር ነው ብሏል። አሥር ዓመት ሙሉ «ፊትህን ታጠብ» ያላችሁኝ በሙሉ ይቅርታ ጠይቁ።

የላብራቶሪ ሰው፦
ቀስ በል ወንድሜ። 81 በመቶ ማለት ከመቶ ብጉርህ 81ዱ የአባትህ ነው ማለት አይደለም፤ በተጠኑት ሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው የሚናገረው። ብጉር ላይ ስሙ የሚነሣው ባክቴሪያም፣ ኪውቲባክቴሪየም አክነስ፣ ወዝ በበዛበት የሁላችንም ፊት ላይ አለ፤ በ2013 የታየው አንዳንዱ ዝርያው ከብጉራሞች፣ ሌላው ከጠራ ፊት ጋር መሄዱ ነው። ይቅርታው ግን ይገባሃል። ብጉር የቆሻሻ ጉዳይ አይደለም።

ታሪክ ወዳድ፦
«በዘር ነው ወይስ በጀርም» የሚለው ጭቅጭቅ ከሥጋ ደዌ ይልቅ ሰው ያስለቀሰበት በሽታ አለ ብዬ አላምንም። በ1847 ኖርዌያዊው ዳንየልሰን ከባልደረባው ከቦክ ጋር ባሳተመው ሥራ በሽታው ይወረሳል አለ። ምን ያድርግ፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሲደጋገም ያይ ነበራ! በ1873 የዳንየልሰንን ልጅ ያገባው አርማወር ሃንሰን በሕሙማን ቁስል ውስጥ ባክቴሪያውን አየ፣ የአማቱም ሐሳብ ወደቀ። ግን ሙሉ በሙሉ አልወደቀም። ከሰው 95 በመቶ ገደማው ባክቴሪያው ቢደርስበትም አይታመምም፤ በ2009 ደግሞ በቻይና ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ኖድ2ን ጨምሮ ከተጋላጭነት ጋር የተያያዙ ጂኖችን አገኘ። አማትና አማች ዛሬ ቢገናኙ ሁለቱም አንገት አይደፉም።

ሌላም አለ። ሃንሰን በ1879 በሽታው እንደሚተላለፍ ለማረጋገጥ ሲል አንዲትን ታካሚ ሳያስፈቅድ ዓይኗ ላይ ናሙና ወጋ። በ1880 ተከስሶ ከሆስፒታል ሐኪምነቱ ተሻረ።

የሕግ ተማሪ፦
ፈቃድ የሚለው ቃል በመጨረሻ ተነሣ፤ እኔም ያሳሰበኝ እሱ ነው። የአራት ቀን ሕፃን «እሺ» አይልም። ወላጅ ነው የሚፈርምለት። ዲኤንኤው ግን ከፊርማው በላይ ይኖራል። አሜሪካ በ2008 ያወጣችው ሕግ የጤና መድን ሰጪና ቀጣሪ በጂን ሰበብ እንዳያገልሉ ይከለክላል፤ የሕይወት መድንን ግን አይነካም። ያ ልጅ በሠላሳ ዓመቱ የሕይወት መድን ሲጠይቅ ሜላኖማ የሚባለውን የቆዳ ካንሰር ያመጣል የተባለ ጂኑ ቢጎለጎልበትስ? መረጃው ይጠበቃል የሚለኝ ካለ ደግሞ በ2023 የዲኤንኤ ምርመራ የሚሸጠውን የ23አንድሚን ደንበኞች ያስታውስ። የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተዘረፈ፣ ድርጅቱም በ2025 ለኪሳራ አመለከተ። የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ ጂን በምን ይቀየራል?

ጠርጣራው፦
እኔ ደግሞ ከዚህም በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለኝ። አወቅን እንበል፤ ከዚያስ? በ1968 ዊልሰንና ዩንግነር ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጁት ጽሑፍ የጅምላ ምርመራ መለኪያ አስቀምጠዋል። ከመለኪያዎቹ አንዱ፣ ለተገኘው ሰው ተቀባይነት ያለው ሕክምና መኖር አለበት ይላል። ለኤክዜማ ተጋላጭ ሕፃን ከመታመሙ በፊት ምን ልንሰጠው ነው?

የሁለት ልጆች እናት፦
ቅባት ነዋ! እኔን ያሉኝ እሱን ነው። ከታጠበ በኋላ፣ ገላው ሳይደርቅ።

ጠርጣራው፦
ለታመመ ልጅ አዎ፣ ይረዳል። እንዳይታመም ግን? በእንግሊዝ ቤተሰባቸው አለርጂ ያለባቸው 1,394 ሕፃናት ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን ዓመት ሙሉ በየቀኑ ማለስለሻ ቅባት ተቀባ። ውጤቱ በ2020 ሲታተም፣ በሁለት ዓመታቸው ኤክዜማ የታየባቸው ከተቀቡት 23 በመቶ፣ ካልተቀቡት 25 በመቶ ነበሩ። ልዩነት የለም ማለት ነው። የተቀቡት እንዲያውም የቆዳ ኢንፌክሽን በዛባቸው።

የሕፃናት ነርስ፦
በ2025 አሜሪካ ውስጥ የወጣውን ለምን ዘለልከው? ገና በጥቂት ሳምንት ዕድሜያቸው ቅባት የጀመሩት በሁለት ዓመታቸው ኤክዜማቸው ቀንሶ ተገኝቷል።

ጠርጣራው፦
አልዘለልኩትም፣ አንቺ እስክታመጪው ነው የጠበቅኩት። እነዚያ ሕፃናት ተጋላጭ ናቸው ተብለው የተመረጡ አልነበሩም። ቅባቱ ላልተመረጠው ከጠቀመ ለሁሉም እንቀባ። ጂኑን ምን አስነበበን?

ብጉራሙ፦
ገባባት።

የሕፃናት ነርስ፦
እሺ፣ በፊላግሪን ተረትቻለሁ። ኤክዜማን ትቼ ግን ዜሮደርማ ፒግሜንቶሰም የሚባለውን ላንሣ። የፀሐይ ጨረር የሚጎዳውን ዲኤንኤ የሚጠግነው አሠራር ከልደት ጀምሮ የተበላሸበት ልጅ ነው። ጥገናው መጉደሉን ክሊቨር በ1968 አሳይቷል። ከሃያ ዓመት በታች ያሉት እነዚህ ልጆች ሜላኖማ ባልሆነው የቆዳ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው 10,000 እጥፍ ነው፤ የመጀመሪያው ካንሰር መካከለኛ ዕድሜ ዘጠኝ ዓመት ገደማ! ግማሾቹ ትንሽ ፀሐይ ሲያገኛቸው ክፉኛ ስለሚቃጠሉ ቶሎ ይታወቃሉ። የቀሩት አይቃጠሉም። ፊታቸው ላይ ነጠብጣብ እስኪበዛ ማንም አይጠረጥርም፣ ጨረሩ ግን ገብቷል። መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው ባይባልም ይታወቃል፦ ልብስ፣ ኮፍያ፣ የመስኮት መከለያ፣ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ። ዊልሰንህና ዩንግነርህ እዚህ ላይ ምን ይላሉ?

ጠርጣራው፦
ይመርመር ይላሉ። እኔም እላለሁ። ብርቅ በሽታ ነው፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ከሚሊዮን አንድ ገደማ፤ በጃፓን ግን ከ22,000 አንድ ነው። ስታውቂው የምታደርጊው ነገር ካለ፣ ያደረግሽውም ልጁን ካዳነ፣ ጠብ የለኝም። ጠቤ ከ«ሊሆን ይችላል» ጋር ነው።

የላብራቶሪ ሰው፦
ለ«ሊሆን ይችላል» እኔም ሚስማር ልምታበት። የፊላግሪን ምርመራ ሲባል በብዛት የሚፈለጉት አውሮፓውያን ላይ የታወቁት ስህተቶች ናቸው። በኢትዮጵያውያን የኤክዜማ ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ2011 የታተመ ጥናት ግን ከአንድ አዲስ ስህተት በቀር እነዚያን አላገኘም። እንግዲህ በአውሮፓ ዝርዝር ብትመረምሪያቸው «ጂናችሁ ንጹሕ ነው» ተብለው እያከኩ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ነው። በቆዳ ቀለምም እንዲሁ ነው። በ2017 ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና ሰዎች ናሙና የተወሰደበት ጥናት በአፍሪካ ውስጥ ያለው የቀለም ልዩነት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አሳይቶ፣ ኤምኤፍኤስዲ12 የሚባለውን ጂን ድርሻ አወጣ። በአንድ ሕዝብ የተለካ ልብስ ለሌላው ልክ አይመጣም።

አንድ ነገር ደግሞ ለገበያው። «ማይክሮባዮም ያስተካክላል»፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሰፈሩትን ረቂቅ ሕዋሳት ያስተካክላል፣ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቅባት ሁሉ አትመኑ። ጥሩ ባክቴሪያ መቀባት የሚለው ሐሳብ ባዶ አይደለም፤ በ2021 ከጤነኛ ቆዳ የተወሰደ ስታፊሎኮከስ ሆሚኒስ በ54 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ደህንነቱ ታይቷል። በዚያው ዓመት ግን ሮዚዮሞናስ የተባለው ሌላው ባክቴሪያ፣ በጥቂት ሕሙማን ላይ ተስፋ ሰጥቶ የነበረው፣ ሰፋ ባለ ሙከራ ከማስመሰያ መድኃኒት መብለጥ አቃተው።

የሕግ ተማሪ፦
ስለዚህ ስምምነቱ ሙሉ ዲኤንኤ ሳይሆን ሕክምና ያላቸው ጥቂት ጂኖች ብቻ ይነበቡ ከሆነ እኔም ልቀበል። አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ። ከምርመራ በኋላ የተረከዙ ደም የተንጠባጠበበት ካርድ ይቃጠል። ቴክሳስ ውስጥ ወላጆች ሳያውቁ የተከማቸ ካርድ ተደርሶበት፣ በክስ ምክንያት ከ5 ሚሊዮን በላይ ናሙና እንዲወገድ ተደርጓል።

የሕፃናት ነርስ፦
መቃጠሉን አልስማማም። ልጁ በአምስት ዓመቱ ቢታመም መለስ ብለን የምናየው ያንን ካርድ ነው። ወላጅ ሲጠይቅ ይቃጠል፣ ካልጠየቀ ይቀመጥ።

የሕግ ተማሪ፦
ተገላቢጦሽ! ወላጅ ሲፈቅድ ይቀመጥ፣ ካልፈቀደ ይቃጠል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ልጅ በወለድኩ ማግስት አሥር ወረቀት አስፈርመውኛል፤ አንዱንም አላነበብኩም። በየትኛው በኩል እንደምቆጠር ንገሩኝ።