የግል ጠበቃ ለመቅጠር ምክር እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ

ታናሽ ወንድሜ በሚሠራበት የግል መጋዘን ዕቃ ጎድሎ በመገኘቱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 መሠረት በእምነት ማጉደል ተከሷል። አቅም ስለሌለን እስካሁን የቆሙለት በመንግሥት የተመደቡ ተከላካይ ጠበቃ ናቸው፤ ትጉ ሰው ቢሆኑም ብዙ መዝገብ ስለያዙ የዕቃ ገቢና ወጪ ደረሰኞቹን ከወንድሜ ጋር ተቀምጠው ለመመርመር ጊዜ አላገኙም፣ በእኔ እምነት ግን ክርክሩ የሚወሰነው በእነዚያ ሰነዶች ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(5) በመረጡት ጠበቃ የመወከልን መብት ስለሚሰጥ፣ ዘመድ አዝማድ ገንዘብ አዋጥቶ የግል ጠበቃ ብናነጋግር ሙሉውን ክፍያ በቅድሚያ ጠየቁን። ክፍያው የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ሲሰሙ፣ የመከላከያ ማስረጃ ሲቀርብና ፍርድ ሲሰጥ ተከፋፍሎ እንዲፈጸም፣ ይግባኙም ይካተት እንደሆነ በጽሑፍ ውል እንዲሰፍር መጠየቅ የተለመደ ነውን? ምስክሮች ሳይሰሙ ጠበቃ ብንቀይር አዲሱ ጠበቃ ለዝግጅት ቀጠሮ እንዲሰጣቸው ማመልከት ይችላሉን? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ ብትመልሱልኝ ለቤተሰባችን ትልቅ እርዳታ ነው።