ጽሑፋችንን ከሐሰተኛ ጆርናል እንዴት እናውጣ?

ጤና ይስጥልን፣ የምንጽፈው ከሐዋሳ ነው። በእንሰት አጠውልግ በሽታ ላይ የሠራነው የጥናት ጽሑፍ አንድ ጆርናል፣ ማለትም የምርምር መጽሔት፣ እጅ ገብቶ ተይዞብናል። የተቀባይነት ደብዳቤ በ4 ቀን መጣ። የገምጋሚ አስተያየት የተባለው ሁለት መስመር ነው፤ «እንግሊዝኛው ይስተካከል» ይላል። ስለ ናሙና አወሳሰዱም ሆነ ስለ ትንተናው አንድ ቃል የለም። አብሮት የ300 ዶላር ክፍያ መጠየቂያ ተያይዟል።

የአይኤስኤስኤን ቁጥሩ በትክክል የተመዘገበ ነው፤ ግን እሱ የመጽሔቶች መለያ ቁጥር እንጂ የጥራት ማረጋገጫ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ድረ ገጹ የኮፕን፣ ማለትም የሕትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴውን፣ ዓርማ ለጥፏል፤ በኮፕ የአባላት ዝርዝር ላይ ግን ስሙ የለም።

ጽሑፉን እንዲመልሱ ብንጠይቅ «ለማውጣት 150 ዶላር ክፈሉ» አሉን። አልከፈልንም፤ የቅጂ መብት ማስተላለፊያም አልፈረምንም። በጽሑፍ ሳይለቁን ወደ ሌላ ብንልክ አንድን ሥራ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል እንደ ማቅረብ ይቆጠርብናል። ሳይነግሩን ቢያትሙት ደግሞ አዲሱ ጆርናል በአይቴንቲኬት፣ ማለትም የጽሑፍ መመሳሰልን በሚለየው ሶፍትዌር፣ ሲፈትሸው የገዛ ጽሑፋችን የተቀዳ መስሎ ይወጣል። ገበሬዎቹ ጓሯቸውን ከፍተው የሰጡን መረጃ እዚያ እንዲቀበር አንፈልግም።

ሁሉም ደራሲያን የፈረሙበት፣ ቀነ ገደብ ያለው የማንሻ ደብዳቤ ልከን መልስ ብናጣ ይበቃል? ለአዲሱ አርታኢ በመሸኛ ደብዳቤ ገልጸን የኢሜይል ልውውጡን ብናያይዝስ? እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ናሙና ያላችሁ አካፍሉን።