ፊል ስመታ የምፈጥነው ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ ሆቴል ቅዳሜ ማታ ድራም እመታለሁ። ጭክጭካ ከሆነ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ፒያኒስታችን ጃዝ ካልተጫወትን ብሎ ተነሣ፤ መከራዬም ያኔ ጀመረ። ራይድ ሲምባሉ (ምቱን ሳያቋርጥ የሚይዘው ትልቁ የብረት ሳህን) ላይ ሦስት ባር፣ ማለትም ሦስት ጊዜ አራት አራት ምት፣ በሰላም እሄዳለሁ፤ አራተኛው ላይ ትንሽ ፊል፣ ማለትም አጭር የማድመቂያ ምት፣ ላስገባ ስል እፈጥናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከቤዝ ጊታሩ ቀድሜ የመጀመሪያዋ ምት ላይ ብቻዬን ደረስኩ። ፒያኒስቱ ዞር ብሎ ፈገግ አለ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቤት የምለማመደው ትራስ ላይ ነው፤ አከራዬ «ወይ ድራሙ ወይ አንተ» ብለውኛል።

መልስ፦ ፊሉን ስትመታ ግራ እግርህ ምን ይሠራል? ሃይሃቱ (በግራ እግር የሚከደነው ጥንድ ሲምባል) በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ መከደኑን ካቆመ የምቱን ፍጥነት ጥለሃል ማለት ነው።

ጠያቂ፦ አሁን ወለሉ ላይ ሞከርኩት። እግሬ ቀጥ ብሎ ቆሟል! እስከ ዛሬ አላስተዋልኩትም።

ሌላ መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ አዘዞ ነው ያደግሁት፤ ልጅ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ እመታ ነበር። አንተም የጎንደር ልጅ ከሆንክ ከበሮ አንገትህ ላይ ሳታንጠለጥል አልቀረህም። መረግዱ በዝግታ ይጀመራል፤ ጽፋት ላይ ሲደረስ ይፈጥናል፤ ጭብጨባው ይደምቃል። እጃችን «ሲሞቅ ፍጠን» ተብሎ ነው ያደገው። ጃዝ ግን ሲሞቅም ፍጥነቱ እዚያው ነው። ይህንን ለመልመድ እኔ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስለዚህ ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በደቂቃ 40 ላይ አድርግና ድምፁን ሁለተኛና አራተኛ ምት አድርገህ ቁጠረው፤ ፍጥነቱ 80 ይሆናል። ሦስት ባር ራይዱን ብቻ ምታ። በአራተኛው ባር ሦስተኛና አራተኛ ምቶች ላይ ትሪፕሌት (አንዱን ምት ለሦስት እኩል መክፈል) አስገባ፦ ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ፣ ባስ ድራም (በቀኝ እግር)፤ እንደገና ቀኝ፣ ግራ፣ ባስ። ስድስት ብቻ፤ ሰባተኛ አትጨምር። ሁለተኛው ቀኝ እጅ ሲያርፍ ሃይሃቱ አብሮት መከደን አለበት፤ ካልተገናኙ የፈጠንከው እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ ግን በአፍህ በለው። አፍህ ያልቻለውን እጅህ አይችለውም።

ጠያቂ፦ ሦስት ማታ ሠራሁበት። 80 ላይ ይገናኛሉ፤ 100 ላይ አሁንም ባስ ድራሙ ይቸኩላል። ለቅዳሜ ይህችን አንዲት ፊል ብቻ ይዤ እገባለሁ። አከራዬ ደግሞ ዛሬ ጠዋት «ምነው፣ ትራሱን መደብደብ ቀዝቀዝ አደረግህ፤ አመመህ እንዴ?» አሉኝ።