ቴርጋት ኃይሌን በ10 ሺህ ለማሸነፍ ምን ማድረግ ነበረበት?

መም_ወዳድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኬንያዊው ፖል ቴርጋት የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን ይዞ ያውቃል፤ በአገር አቋራጭም ከ1995 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. በተከታታይ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። በአትላንታና በሲድኒ ኦሊምፒክ፣ በአቴንስና በሴቪያ የዓለም ሻምፒዮና ግን ከኃይሌ ኋላ ሁለተኛ ነው የገባው። «ኃይሌ መጨረሻ ላይ ይፈጥናል» የሚለው መልስ አይበቃኝም፤ ቴርጋትም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ታዲያ መውጫው ምን ነበር?

ሰዓት_ያዥ፦
ዙሩን አስላው። በ1997 ብራስልስ ላይ ቴርጋት 26:27.85 ሲገባ ለአንድ ዙር በአማካይ 63.5 ሰከንድ ፈጅቶበታል። በዚያው ወር አቴንስ ላይ ኃይሌ ያሸነፈበት 27:24.58 ግን በዙር 65.8 ነው፤ የ1999ኙ ሴቪያ (27:57.27) ደግሞ ወደ 67 ሰከንድ ይዘገያል። ብራስልስ ላይ አሯሯጭ (ፊት ሆኖ ፍጥነቱን የሚጠብቅ ሯጭ) አለ፣ ሻምፒዮና ላይ የለም። ፊት የወጣ ሰው ነፋሱን ብቻውን ይጋፈጣል፣ የሚከተለው ይጠለልበታል፤ ስለዚህ ማንም መጎተት አይፈልግም።

1,500 ሜትርን ቤት ውስጥ በ3:31.76 ለሮጠ ሰው 67 ሰከንድ እረፍት ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ትኩስ እግር ይዞ የመጨረሻው ዙር ደወል ላይ እንዲደርስ ከፈቀድክለት አበቃልህ። አትላንታ ላይ ቴርጋት ይህን ስለሚያውቅ ጥቂት ዙሮች ሲቀሩ ፈትለክ አለ። ሌላው ሁሉ ተንጠባጠበ፣ ኃይሌ ግን አልተላቀቀም። 27:07.34 ለ27:08.17።

ሁለተኛ_መስመር፦
በስሌቱ እስማማለሁ፤ ግን ሲድኒን ዘለልከው፣ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ ነው። ቴርጋት በረጅሙ መጎተቱን ትቶ 250 ሜትር ገደማ ሲቀር ሳይታሰብ ከፈተ (ሙሉ ፍጥነቱን አወጣ)። የቦታው ምርጫ ትክክል ነው። አንድ መስመር 1.22 ሜትር ይሰፋል፤ አንዱን ኩርባ ሙሉ በሙሉ በሁለተኛው መስመር የዞረ ሰው 3.8 ሜትር ያህል ተጨማሪ ይሮጣል፣ በዚያ ፍጥነት ግማሽ ሰከንድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው ኩርባ በፊት ቀድመህ የውስጡን መስመር መያዝ አለብህ፤ ሊያልፍህ የፈለገ ወይ በውጭ ይዞራል ወይ ቀጥታውን ይጠብቃል።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ የከፈተ ሰው የመጨረሻዎቹ 50 ሜትሮች ላይ እግሩ ይደርቃል፤ ዘግይቶ ከከፈተ ደግሞ ከኃይሌ ጋር በንጹህ ፍጥነት ሊለካ ነው። ውጤቱ 27:18.20 ለ27:18.29 ሆነ። ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ማለት 100 ሜትርን በ13 ሰከንድ ለሚሮጥ ሰው 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ናት። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር በአንደኛው ግሪንና በሁለተኛው ቦልደን መካከል የነበረው ክፍተት እንኳ 0.12 ነበር! በእኔ እይታ ታክቲኩ አልተሳሳተም። በዚያ ላይ ኃይሌ በዚያ ዓመት የቁርጭምጭሚት ጅማቱን ይታመም ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ዕድል አይገኝም።

ሰዓት_ያዥ፦
ዕድሉ ነበረ፤ ግን ያንን ሕመምተኛ እስከ መጨረሻው ዙር በ65 እና 66 ይዞ መምጣት ምን ይባላል? ኬንያ ቴርጋትን፣ ኢቩቲንና ኮሪርን አሰልፋለች፤ ሦስት ሰው ካለህ ከ5,000 ሜትር ጀምሮ እየተቀባበላችሁ 62 እና 63 ትጎትታላችሁ። የፓሪሱን 2003 እዩት፦ ኃይሌ፣ ቀነኒሳና ስለሺ ሁለተኛውን አጋማሽ በ12:57 ሮጠው ኬንያውያኑን በሙሉ አራገፉ፤ ከአንድ እስከ ሦስት ያዙት።

ሁለተኛ_መስመር፦
ፓሪስ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። አብዝቶ የጎተተው ኃይሌ፣ ወርቁን የወሰደው ተጠልሎ የቆየው ቀነኒሳ (26:49.57 ለ26:50.77)። መጎተት ደካማውን ያራግፋል፤ አጨራረስ ያለውን ሰው አያራግፍም። ቴርጋት 62 ቢጎትትም ሦስተኛውን ሰው ነው የሚጥለው።

ዳገት፦
በመሙ ተጠምዳችሁ ሌላውን ረሳችሁት። ቴርጋት መውጫውን ያገኘው ርቀቱን በመቀየር ነው። በአገር አቋራጭ በ1995 ደርሃም ላይ እሱ አንደኛ፣ ኃይሌ አራተኛ ናቸው፤ ጭቃና ዳገት የመጨረሻ ዙር ፍጥነትን ይበላል። በ2002 ለንደን ማራቶን ካኑቺ ሲያሸንፍ ቴርጋት 2:05:48፣ ኃይሌ 2:06:35 ገቡ። በ2003 በርሊን ላይ ደግሞ 2:04:55 ሮጦ ክብረ ወሰኑን ወሰደ።

መም_ወዳድ፦
ያንንም ቢሆን ኃይሌ በ2007 እዚያው በርሊን ላይ በ2:04:26 ነጠቀው እኮ 😄

ዳገት፦
ነጠቀው፤ ግን ቴርጋት በሌለበት፣ ከሰዓት ጋር ብቻ ታግሎ። አንተ የጠየቅከው ጎን ለጎን ስለሚሮጡበት ነው።