ለዕለት ተዕለት መንዳት የሚሆን ጂፒኤስ (ስልክ ያልሆነ) የትኛውን ልግዛ? ዲሲ እና ቨርጂኒያ አካባቢ

የአሌክሳንድሪያዋ

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንዴት ናችሁ። እኔ ሆም ኬር ነው የምሠራው፣ ሰዎችን ቤታቸው እየሄድኩ ነው የምንከባከበው፣ ከክላየንቶቼ አንዷ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ናት፣ አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌሎቹ ዲሲ ውስጥ ስለሆኑ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ነኝ ማለት ይቻላል። እስካሁን በስልኬ በጉግል ማፕ ነበር የምነዳው ግን ሁለት ነገር በጣም አስቸገረኝ። አንደኛው በጋ ላይ ስልኩ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይግልና ስክሪኑ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ከዛ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ማፑን ጭራሽ ይዘጋዋል። ሁለተኛው ኤጀንሲው ወይ ቤተሰብ ከአገር ቤት ሲደውል ጥሪው ስክሪኑን ይሸፍነዋል፣ ታዲያ የሚደወለው ሁሌም መንገድ የሚገነጠልበት ቦታ ላይ ስደርስ ነው፣ ኤግዚት ካመለጠኝ ደግሞ ክላየንቷ ጋ አርፍጄ ነው የምደርሰው፣ የቀኑ ፕሮግራም በሙሉ ይዛባል።

ስለዚህ ለብቻው የሚገጠም ጂፒኤስ ልገዛ አስቤ ነው። 200 ዶላር አካባቢ ነው የያዝኩት፣ በጣም ካስፈለገ ትንሽ እጨምራለሁ። ወርሃዊ ክፍያ አለው እንዴ? ትራፊክ ያሳያል? ስክሪኑ ስንት ኢንች ቢሆን ይሻላል? አንድ ዘመዴ ደግሞ ድሮ የተጠቀመበት ጋርሚን ኑቪ የሚባል ጂፒኤስ አለ፣ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ውሰጂው እያለኝ ነው። እሱን ልውሰድ ወይስ አዲስ ልግዛ? የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ዲሲ ታክሲ

እህቴ ሰላም ነው። ዲሲ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ብዙ ዘመኔ ነው፣ የማውቀውን ልንገርሽ። ወርሃዊ ክፍያ የሚባል ነገር የለውም፣ እሱን እርሺው። ማሽኑ የሚቀበለው የሳተላይት ሲግናል ለማንም በነፃ የሚለቀቅ ነው፣ ማፑ ደግሞ እዛው ውስጡ ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ ሲም ካርድም ዳታም አይፈልግም። አሁን የሚሸጡት ጋርሚኖች የማፕ አፕዴታቸውም ነፃ ነው።

ነገሩ ያለው ትራፊኩ ላይ ነው። ትራፊክ በሁለት መንገድ ነው የሚገባው፣ አንዳንዱ ሞዴል የትራፊክ መቀበያው ቻርጀር ገመዱ ውስጥ ነው ያለው፣ እንደ ራዲዮ ከአየር ይቀበላል፣ ስለዚህ ገመዱ ተበላሸብሽ ብለሽ ተራ ገመድ ብትሰኪበት ቻርጅ ያደርጋል እንጂ ትራፊኩ ይጠፋል። ሌላው ደግሞ በብሉቱዝ ከስልክሽ ጋር ተገናኝቶ ጋርሚን ድራይቭ በሚባለው አፕ በኩል ነው የሚያገኘው፣ ያኔ ስልክሽ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ትንሽ ዳታ ይጠቀማል ማለት ነው። ሁለቱም ቢሆን እንደ ዌዝ (የስልኩ የማፕ አፕ) እንዲሆን አትጠብቂ፣ ዌዝ ላይ እዛው መንገድ ላይ ያለው ሾፌር ነው አደጋ አለ፣ መንገድ ተዘግቷል እያለ የሚያስገባው፣ እሱን የሚያህል የለም።

ሞዴሉን በተመለከተ ድራይቭ 53 የሚባለው 5 ኢንች ነው፣ ከያዝሽው ብር በታች ታገኚዋለሽ፣ አፕዴት ለማድረግ ኮምፒውተር ላይ ትሰኪዋለሽ። ድራይቭ ስማርት 66 ደግሞ 6 ኢንች ነው፣ ዋይፋይ አለው፣ ማታ ቤት አስገብተሽ በራሱ እንዲያድስ ታደርጊዋለሽ፣ ከ200 ትንሽ ያልፋል። 7 እና 8 ኢንችም አለ ግን መኪናሽ ትንሽ ከሆነች እይታ ይሸፍንብሻል።

አንድ ነገር አደራ የምልሽ አድራሻ አስገባብ ላይ ነው። ዲሲ እንደምታውቂው በአራት የተከፈለ ነው፣ ኖርዝዌስት፣ ኖርዝኢስት፣ ሳውዝዌስት፣ ሳውዝኢስት፣ አንድ አይነት የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ከአንድ በላይ ቦታ ሊኖር ይችላል። ኤ ስትሪት ኖርዝኢስትም አለ ሳውዝኢስትም አለ። ጂፒኤሱ ዝርዝሩን ሲያወጣልሽ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ፊደሎች ሳታዪ የመጀመሪያውን ከነካሽ ካፒቶልን ተሻግረሽ ሌላ ሰፈር ነው የምትገኚው። አዲስ ክላየንት ሲሰጡሽ ከአራቱ የትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ከኤጀንሲው በጽሑፍ ተቀበይ።

አናንዴል ነዋሪ

እኔ ግን በዚህ ዘመን ለብቻው ጂፒኤስ መግዛት ብር ማባከን ነው ባይ ነኝ፣ ይቅርታ። እህቴ ችግርሽ ማፑ ላይ አይደለም፣ ስልኩ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። አይፎን ራሱ አምራቹ የሚለው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ውስጥ ተጠቀሙበት ነው፣ በፋራናይት 95 መሆኑ ነው፣ የኛ አካባቢ ጁላይ ላይ መስታወት ሥር የተቀመጠ ነገር ይሄንን ወዲያው ነው የሚያልፈው። አየር ማቀዝቀዣው አፍ ላይ የሚሰካ ሆልደር ግዢ፣ ኤሲው ሲነፍስበት ስልኩ አይግልም። ክረምት ላይ ሞቃት አየር ስትለቂ ያንን ቀዳዳ ብቻ ዝጊው። ለጥሪው ደግሞ ስትነጂ ጥሪ የሚያግደውን ሴቲንግ አብሪው፣ ኤጀንሲውን ብቻ እንዲያሳልፍ ማድረግ ይቻላል። መኪናሽ የስልኩን ማፕ በራሷ ስክሪን ላይ የሚያሳየው ካርፕሌይ ወይ አንድሮይድ አውቶ ካላትማ ምንም አትግዢ።

ብቻ ምንም ብታደርጊ ስልኩን በእጅሽ አትያዢ። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ከልክላለች፣ መጀመሪያ ሲይዙሽ 125 ዶላር ነው፣ ሲደገም 250።

የ95 ትራከር

አናንዴል ወንድሜ ያልከው ለብዙ ሰው ይሠራል፣ ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ግን አይመስለኝም። ስልክ ደዋይም ነው፣ ካሜራም ነው፣ ሰዓት ማስገቢያም ነው፣ እሷ ክላየንት ቤት ስትገባና ስትወጣ በስልኳ ነው ሰዓት የምትሞላው፣ በየቤቱ ነቅሎ መልሶ መሰካት ራሱ ሥራ ነው። ጥሪ የምታግድበትን ሴቲንግ ብታበራም ከአገር ቤት የታመመ ሰው ካለ እንዴት ነው የምታግደው። ለብቻው ያለው ማሽን ግን መኪናውን ስታስነሺ ይበራል፣ ስታጠፊ ይጠፋል፣ ሌላ ሥራ የለውም።

እህቴ እኔ የምለው ሌን (የመንገዱን መስመር) ስለሚያሳይሽ ብለሽ ግዢው። ስፕሪንግፊልድ 95፣ 395 እና 495 የሚባሉት አውራ ጎዳናዎች የሚገናኙበት ቦታ ስትደርሺ ጥሩ ጂፒኤስ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ የመገንጠያውን ሥዕል ከነታፔላው ያወጣልሻል፣ በየትኛው ሌን መሆን እንዳለብሽ በቀስት ያሳይሻል፣ ይሄ ነው ሰውን የሚያሳርፈው። ስትገዢ ይሄ ነገር እንዳለው ሳጥኑ ላይ አንብቢ፣ ርካሽ ርካሾቹ ስማቸው የማይታወቅ 7 ኢንች የሚባሉት ላይ ስክሪኑ ትልቅ ሆኖ ሌኑ ግን የለም፣ ማፑም ማን እንደሚያድሰው አይታወቅም። ያለ ሌን 7 ኢንች ከሚኖርሽ በሌን 5 ኢንች ይሻልሻል።

ከሳጥኑ እንዳወጣሽ መጀመሪያ የምትነኪው ሴቲንግ የክፍያ መንገዱን ነው። መንገድ 66 ከቤልትዌይ (ዲሲን ከሚዞረው 495) ወደ ውስጥ ጠዋት ወደ ዲሲ፣ ከሰዓት ደግሞ ከዲሲ መውጫው በሰዓቱ ክፍያ አለው፣ ዋጋው እንደ ትራፊኩ ይወጣል ይወርዳል፣ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ቆሞ አታዪም። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በነፃ ለማለፍ ሦስት ሰው መሆን አለባችሁ፣ ኢዚ ፓስ ፍሌክስ የሚባለው መኪና ላይ የሚገጠም የክፍያ መሣሪያም ያስፈልጋል። የ95 እና የ395 ኤክስፕረስ ሌኖች ደግሞ አቅጣጫቸው ይቀያየራል፣ ጠዋት ወደ ሰሜን ከሰዓት ወደ ደቡብ ናቸው። ጂፒኤሱ አጭሩ መንገድ ነው ብሎ ዝም ብሎ ያስገባሻል፣ የሚከፍልልሽ የለም። ክፍያ መንገድ አስወግድ የሚለውን ካበራሽው ግን በነፃው ነው የሚወስድሽ። ባልቲሞር ስትሄጂ ብቻ ታጠፊዋለሽ።

ጋርሚን ዴዝል የሚባለውን ማንም ቢመክርሽ አትስሚ፣ እሱ የጭነት መኪና ቁመትና ክብደት የሚሞላበት የኛ ነው፣ ላንቺ ትርፍ ወጪ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አናንዴል ወንድሜ መኪናዬ የ2012 ናት፣ ካርፕሌይ የሚባል የላትም፣ የሆልደሩን ነገር ግን ለጊዜው እሞክረዋለሁ። ትራከር ስለ ሌኑ ያልከው ልቤን ነው የነካው፣ ስፕሪንግፊልድ ስደርስ ሁሌም እጄ ያልበዋል። ስለ ኑቪው ግን ማንም አልነገረኝም፣ ልተወው? ደግሞ መስታወት ላይ ነው የሚለጠፈው ወይስ ዳሽቦርድ ላይ? ዲሲ ፓርክ ሳደርግ እንዳይሰርቁኝ ፈራሁ።

ሪፔር ቤት

ስለ ኑቪው እኔ ልመልስ፣ ኤሌክትሮኒክስ ነው የምጠግነው። ከመውሰድሽ በፊት ሦስት ነገር እዪ። የጂፒኤስ ሲስተም ሳምንት የሚቆጥርበት ቁጥር 1024 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተመለሰው አፕሪል 6፣ 2019 ነው። ከዛ በፊት የተሠሩና አፕዴት ያላገኙ አንዳንድ ማሽኖች ከዛን ቀን ወዲህ ቀኑን በስንት ዓመት ወደኋላ ያሳያሉ፣ የመድረሻ ሰዓቱም ይዛባል። አውጥተሽ ሜዳ ላይ አብሪውና ሰዓቱንና ቀኑን ተመልከቺ፣ ትክክል ከሆነ አንዱን ችግር አለፍሽ። ሁለተኛ ሜሞሪው ነው፣ የድሮዎቹ ውስጣቸው ትንሽ ስለሆነ የአሁኑ የሰሜን አሜሪካ ማፕ ሙሉው አይገባላቸውም፣ ወይ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ትጨምሪለታለሽ ወይ የምሥራቁን ክፍል ብቻ ትጭኛለሽ። ማፑ የዕድሜ ልክ ካልሆነ ደግሞ አዲሱን ልትገዢ ነው፣ ያኔ ነፃነቱ ቀረ። ሦስተኛ ባትሪው። ከጀርባው ወይም ከስክሪኑ ጎን ትንሽ ካበጠ ወይ መገጣጠሚያው ከተከፈተ በፍጹም ቻርጅ አታድርጊው፣ መኪና ውስጥም አትተዪው፣ ሊቲየም ነው፣ እሳት ነው።

እኔ ብሆን አልወስደውም። የ66 መንገድ ላይ ያሉት አዳዲስ መግቢያና መውጫዎች ድሮ ማፕ ላይ የሉም፣ መንገዱ በሌለበት ማፕ ላይ መኪናሽ ሜዳ ላይ ስትሄድ ነው የሚያሳይሽ።

ዲሲ ታክሲ

ሪፔር ቤት ትክክል ነው። የሌባውን ነገር እኔ ልንገርሽ እህቴ። ዳሽቦርድ ላይ ዝቅ አድርገሽ ግጠሚው፣ የሚለጠፈው ክብ ፕላስቲክ አብሮት ካልመጣ ለብቻው ይሸጣል። መስታወት ላይ ስትለጥፊው ማሽኑን ነቅለሽ ብትደብቂው እንኳ የመምጠጫው ክብ ምልክት ይቀራል፣ ሌባ ያንን አይቶ ውስጥ አለ ብሎ ነው መስታወት የሚሰብረው። ከመኪና ስትወርጂ ነቅለሽ ቦርሳሽ ውስጥ ጨምሪው፣ ገመዱን ወደ ውስጥ አስገቢው፣ ምልክቱን በጨርቅ ጥረጊው። የራሱ ባትሪ ቢበዛ አንድ ሰዓት ቢይዝ ነው፣ ስለዚህ ከመኪናው ሶኬት ውጭ ለረጅም ጊዜ አይሠራም፣ አትደናገጪ።

የክላየንቶችሽን ቤት ፌቨሪት ላይ ስታስቀምጪ ሙሉ ስማቸውን አትጻፊ። ብቻቸውን ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ማሽኑ ቢጠፋ ስማቸው ከነአድራሻቸው ሰው እጅ ይገባል። አንቺ ብቻ የምታውቂው ምልክት ስጪያቸው። ቤት በሚለው ላይም የራስሽን ቤት አታስገቢ፣ ሰፈርሽ ያለውን ነዳጅ ማደያ አስገቢ፣ ከዛ ወዲህ መንገዱን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ሌላው ዲሲ ውስጥ ማንም ጂፒኤስ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ፣ የስልኩም ቢሆን። ጆርጅታውን ዋይትኸርስት ፍሪዌይ ከላይ ነው፣ ኬ ስትሪት ከሥሩ ነው፣ ማሽኑ ከላይ ሁኚ ከታች ብዙ ጊዜ ለይቶ አያውቅም። ዱፖንት ሰርክል ላይም ኮኔቲከት አቬኑ ከሥር በዋሻ ያልፋል። 395 ናሽናል ሞል ሥር ዋሻ ውስጥ ሲገባ ሲግናሉ ይቋረጣል፣ የነበርሽበትን ፍጥነት ይዞ ገምቶ ነው የሚያሳይሽ፣ ወጥተሽ ሰማይ እስክታዪ የመንገድ ታፔላ አንብቢ እንጂ እሱን አትስሚ። ሮክ ክሪክ ፓርክዌይ ደግሞ በሥራ ቀን ጠዋትና ማታ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሆናል፣ እዛ ላይም ታፔላውን ነው የምታምኚው።

የአሌክሳንድሪያዋ

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ የክላየንቶቹ ስም ነገር ፈጽሞ አልመጣልኝም ነበር። ድራይቭ ስማርት 66ቱን ልገዛ ወስኛለሁ፣ ዋይፋዩ ነው ያስወሰነኝ፣ ኮምፒውተር የለኝም። ኑቪውን ለዘመዴ እመልስለታለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ለገና አገር ቤት ልሄድ ነው፣ ይዤው ብሄድ አዲስ አበባ ላይ ይሠራል?

የ95 ትራከር

ሳተላይቱ እዛም ስላለ የት እንዳለሽ ያውቃል፣ ግን አሜሪካ የተገዛው ማፑ የሰሜን አሜሪካ ብቻ ስለሆነ ከሥርሽ ባዶ ስክሪን ነው የሚያሳይሽ። ሰዎች በነፃ ከሚሠሩት ኦፕን ስትሪት ማፕ የተዘጋጀ ነፃ የኢትዮጵያ ማፕ ለጋርሚን አለ፣ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ ጭነሽ ማስገባት ይቻላል፣ ለሱ ግን ኮምፒውተር ያለው ሰው ያስፈልግሻል። ካርዱን ስትገዢ በጣም ትልቅ አትግዢ፣ ማሽኑ እስከ ስንት ጊጋ እንደሚቀበል መመሪያው ላይ እዪ። ደርሰሽ መጀመሪያ ስታበሪው ውጭ ሜዳ ላይ ቁሚ፣ ከአገር አገር ሲሻገር ሳተላይቶቹን እንደ አዲስ ስለሚፈልግ ደቂቃዎች ይወስድበታል። እኔ ብሆን ግን እዛ ለሁለት ሳምንት ብዬ አልለፋም፣ እዚህ ሳለሽ ዋይፋይ ላይ ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለውን የማፕ አፕ ስልክሽ ላይ ጫኚ፣ ኢትዮጵያን ዳውንሎድ አድርጊ፣ ያለ ዳታ ይሠራል። ቤት ቁጥር ግን አትፈልጊበት፣ የምትሄጂበት ሰፈር ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይ ሆቴል ወይ ባንክ ፈልገሽ ፒን አድርጊ፣ ከዛ ወዲያ ደውለሽ ጠይቂ።